ድሬ ነኝ፤ አንድ አልበም ብቻ መግዛት እችላለሁ፤ የቱን ትመክሩኛላችሁ?

የከዚራ ልጅ

ሰላም የሙዚቃ ወዳጆች። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

አጎቴ የሸክላ ማጫወቻውን ለአባቴ ሰጠው። ሳሎን ከቡፌው አጠገብ አስቀምጠነዋል። ይሠራል። ግን የምናጫውተው ሸክላ የለንም። አብረውት የመጡት ጥቂት ትንንሽ ሸክላዎች በጣም ተጫጭረዋል። መርፌው እየዘለለ አላሰማ ብሎናል።

የአክስቴ ልጅ ለገና ከዋሽንግተን ትመጣለች። «የፈለግሽውን አልበም ንገሪኝ፣ ገዝቼልሽ እመጣለሁ፣ ብሩን እዚያ ትሰጪኛለሽ» ብላኛለች። አቅሜ የሚችለው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ አሳምሬ መምረጥ አለብኝ።

አባቴ የሸመንደፈር ጡረተኛ ነው። ምሳ ተበልቶ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ፣ ድሬ በሙቀቱ ጸጥ ስትል እኔና እሱ ቬንትሌተሩን ከፍተን ሳሎን እንቀመጣለን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማንም የትም አይሄድም። የሙዚቃ ሰዓታችን ያ ነው። በስልክ ሲሆን ግን አንዱን ዘፈን ሳንጨርስ ወደ ሌላው እንዘላለን። መሐል ላይ ደግሞ ይደወላል። አንድ አልበም ከጫፍ እስከ ጫፍ አብረን ሰምተን አናውቅም። እሱን ነው የምፈልገው።

አባቴ የክቡር ዘበኛን ዘመን ዘፈኖችና አሊ ቢራን ይወዳል። እኔን ግጥም የሌለው የመሣሪያ ሙዚቃ ይስበኛል። ሁለታችንንም የሚይዝ የቱ ነው? ስም ብቻ ጽፋችሁ አትለፉ፤ ለምን እንደሆነም ንገሩኝ።

ፈረስ መጋላ

አቦ፣ የሐረር ልጅ ጠይቀሽ ሌላ መልስ አትጠብቂ። የኃይሉ መርጊያና የዳህላክ ባንድ «ወደ ሐረር ጉዞ» ነው።

ስሙን ስለወደድኩት ብቻ እንዳይመስልሽ። ኃይሉ በዚያን ጊዜ ሒልተን ከዋልያስ ባንድ ጋር ነበር የሚጫወተው። ይሄኛውን ግን ጊዮን ሆቴል ይጫወቱ ከነበሩት ከዳህላኮች ጋር ሠራው። እ.ኤ.አ. በ1978 በካሴት ወጣ። ሰዓት እላፊ የነበረበት ዘመን ነው። ሙዚቃው ውስጥ ግን ፍርሃት አትሰሚም። ዘና ያለ፣ ሰፊ ነገር ነው።

ኦርጋኑን ልብ ብለሽ ስሚው። ኃይሉ ዜማውን የሚያወጣው እንደ ድምፃዊ ነው። ስንኙ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ትንሽ ያርፋል፣ ከዚያ ድምፁን እያንቀጠቀጠ ይመለሳል። ከሥሩ ቤዙና ከበሮው አይቸኩሉም። ለአባትሽ የሚያውቀው ዓይነት ዜማ አለው፣ ለአንቺ ደግሞ የመሣሪያ ሙዚቃ ነው። በ2016 ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የሚባለው አሜሪካዊ አሳታሚ እንደገና አውጥቶታል። ስለዚህ ዋሽንግተን ያለ ሰው በሸክላ ለማግኘት ብዙ አይለፋም።

የፒያሳ ልጅ

ከአዲስ አበባ ነኝ። የኔ ድምፅ ለሙላቱ አስታጥቄ ነው፤ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»። እ.ኤ.አ. በ1972 ኒው ዮርክ ላይ ነው የተቀረጸው። ስትራት የሚባለው አሳታሚ በ2017 እንደገና በሸክላ አውጥቶታል። ቫይብራፎኑና ኮንጋው የኛን ቅኝት ይዘው እንዴት እንደሚሄዱ ለመስማት ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። አጭር አልበም ነው። አንዱን ፊት ሰምተሽ ስትጨርሺ ቡናው ገና አልፈላም።

ሸዋ በር

የፒያሳው ወንድሜ፣ ምርጫህን አከብራለሁ። ግን ሙላቱን በየሆቴሉ፣ በየካፌው እንሰማዋለን። ብሯ ለአንድ ብቻ ከሆነች ሌላ ቦታ የማታገኘውን ትግዛ ባይ ነኝ።

የፒያሳ ልጅ

እቱ፣ በየካፌው የሚከፈተው ያው የታወቀው ሁለት ሦስት ሥራ ነው እንጂ አልበሙ አይደለም። ልጅቷ የጠየቀችው ደግሞ ሙሉ አልበም ነው።

ሸዋ በር

እሱስ ልክ ነህ።

ጋሽ ሸክላ

ልጄ፣ የአልበሙ ነገር ይቆይና መጀመሪያ ስለ ማጫወቻው ልጠይቅሽ። ሰው ሸክላውን ገዝቶ ካመጣ በኋላ ነው ችግሩን የሚያየው።

ማጫወቻው የመጣው ከየት ነው? ከአሜሪካ ከሆነ በ110 ቮልት የሚሠራ ነው። ትራንስፎርመር ብታስገቢለት ከመቃጠል ይድናል። ግን ሌላ ጣጣ አለ። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የኛ 50። የብዙዎቹ የድሮ ማጫወቻዎች ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከዚያው ከመብራቱ ነው። ስለዚህ እዚህ ሲመጣ ሸክላው ቀስ ብሎ ይዞራል። ዘፈኑ ይጎተታል፣ የሴቷ ድምፅ ይወፍራል። ትራንስፎርመር ይሄን አያስተካክለውም። ጀርባው ላይ የተለጠፈውን አንብቢልኝ። 220 እና 50 የሚል ካለ ሰላም ነው።

ሁለተኛ፣ ከማጫወቻው የሚወጣው ድምፅ በጣም ደካማ ነው። አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ «ፎኖ» የሚል ቀዳዳ መኖር አለበት። በሌላው ቀዳዳ ከሰካሽው ድምፁ ቀጥኖ፣ ቤዝ የሚባል ነገር ሳይኖረው ነው የሚወጣው። ፎኖ ከሌለ ለብቻው የሚሸጥ ትንሽ ማጉያ አለ።

መርፌው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። እየዘለለ ነው ያልሽው ሸክላው ስለተጫረ ብቻ ላይሆን ይችላል። ያለቀ መርፌ አዲሱንም ሸክላ ይፍቀዋል። ከጠረጠርሽ መርፌውን ከሸክላው በፊት ግዢ። የማጫወቻውን ስምና ቁጥር ለአክስትሽ ልጅ ከአሁኑ ላኪላት።

የከዚራ ልጅ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አጎቴ ያመጣው ከጅቡቲ ነው። ጀርባው ላይ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ይላል፤ ሌላው በፈረንሳይኛ ነው። ፎኖ የሚል ቀዳዳም አገኘሁ። መርፌውን በስልኬ ካሜራ አጉልቼ አየሁት፤ ጫፉ ላይ ጥቁር ነገር ተጋግሯል።

ጋሽ ሸክላ

የጅቡቲ ከሆነ ተገላገልሽ፤ መብራታቸው እንደኛው ነው። የተጋገረው የዓመታት አቧራ ይሆናል። በለስላሳ ብሩሽ ከኋላ ወደ ፊት ጥረጊው። ወደ ጎን እንዳትይ፣ ቀጭኗ ዘንግ ትሰበራለች። ተጠርጎም ከዘለለ ቀይሪው።

ዑድ ወዳጅ

የአባቷን ነገር ረሳችሁት እንዴ? ሰውየው አሊ ቢራን እወዳለሁ እያሉ እናንተ ኒው ዮርክ ትወስዷቸዋላችሁ።

አሊ እዚሁ ድሬ ተወልዶ፣ እዚሁ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ልጆች ጋር ነው የጀመረው። ያኔ በአደባባይ በኦሮምኛ መዝፈን ዋጋ ያስከፍል ነበር። ከዚያ አዲስ አበባ ሄዶ ክቡር ዘበኛ ባንድ ገባ። አየሽ፣ አባትሽ የሚወዷቸው ሁለቱ ነገሮች አንድ ሰው ላይ ተገናኝተዋል። በኦሮምኛ ዘፍኗል፣ በሐረሪ ዘፍኗል፣ በሶማሊኛና በአማርኛም ዘፍኗል። ቀፊራ ገበያ ቆመሽ የምትሰሚው ቋንቋ ሁሉ እሱ አፍ ላይ አለ። ዑድ ሲይዝ ደግሞ ወላሂ ሌላ ሰው ነው። ጣቱ ክሩን ሲነካ የእንጨቱ ድምፅ ጭምር ይሰማሻል።

ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የሚባል ተከታታይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 ነው የጀመረው። ቁጥር 28 ሙሉ በሙሉ የአሊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ። እኔ ሲዲው አለኝ። የድሮ ሥራዎቹን አንድ ላይ ሰብስቦ ስለያዘ ሌላው ቦታ ተበታትኖ የምታገኚውን እዚህ በቅደም ተከተል ትሰሚዋለሽ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ የዚህ ከተማ ሰው እንዴት እንዳዘነ አይተሻል። ድሬ ቁጭ ብሎ አንድ አልበም ብቻ የሚገዛ ሰው ከአሊ ማለፍ የለበትም።

የከዚራ ልጅ

ወንድሜ ልቤን ነካኸው። ግን የሲዲ ማጫወቻ የለንም።

ዑድ ወዳጅ

ቴሌቪዥኑ ሥር የዲቪዲ ማጫወቻ የላችሁም? እሱ ሲዲም ያጫውታል። በቀይና ነጭ ገመዱ አምፕሊፋየሩ ላይ ሰኪው። እዚያ ላይ ግን ፎኖ በሚለው ቀዳዳ አይደለም፤ በሌላው ነው።

ሰይዶ

እኔ ደግሞ ወደ ባሕሩ ልውሰዳችሁ። የሸመንደፈር ሰው ጅቡቲ ያላደረ የለም። አባትሽ የሶማሊኛ ዘፈን ሳይሰሙ አልቀሩም።

«ስዊት አዝ ብሮክን ዴትስ» የሚባል ስብስብ አለ፤ ኦስቲናቶ ሬከርድስ በ2017 ያወጣው። ለግራሚ ሽልማትም ታጭቶ ነበር። የዘፈኖቹ ታሪክ ራሱ ያስደንቃል። በ1988 የሲያድ ባሬ አውሮፕላኖች ሐርጌሳን ሲደበድቡ የሬዲዮ ሐርጌሳ ሰዎች ዘፈኖቹ የተቀረጹባቸውን የቴፕ ክሮች ከአደጋ ለማዳን ደበቁ፤ መሬት ቆፍረው የቀበሯቸውም አሉ፣ ድንበር አሻግረው ወደ ጎረቤት አገር ያስወጧቸውም አሉ። ያ ሁሉ ከተረፈ በኋላ ነው ዛሬ እኛ የምንሰማው። ኪቦርድ አለው፣ ነሐስ መሣሪያ አለው፣ የሴቶቹ ድምፅ ቀጭንና ስል ነው። ቅኝቱ ለኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። እነሱም እንደኛ በአምስት ድምፅ ነው የሚሄዱት።

ከጅቡቲ ራሷ ደግሞ የብሔራዊ ሬዲዮው ባንድ አልበም አለ። ግሩፕ አርቲዲ ይባላል፤ በ2020 ወጣ፣ አሳታሚው ያው ነው። እሱ ግን ያስጨፍራል። ለምሳ በኋላ አይሆንም።

ሸዋ በር

ወሪያ ሰይዶ፣ ስለ ቀበሯቸው ክሮች የጻፍከው አስለቀሰኝ።

እስቲ እኔም የልቤን ልበል። ሁላችሁም የምታነሱት የስድሳዎቹንና የሰባዎቹን ነው። ውብ ነው፤ እኔም እሰማዋለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ አልበም አልተሠራም እንዴ? የእዮብ መኮንን «እንደ ቃል»ን ውሰዱ። እዮብ ጅጅጋ የተወለደ የምሥራቅ ልጅ ነው። ኤልያስ መልካ ያቀናበረው አልበም ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ የሚጣል የለውም። ሬጌው የተበደረው አይመስልም፣ የራሱ ሆኗል። ግጥሞቹ ትዳርን፣ ፍቅርን፣ ቃል መጠበቅን የሚያወሩት ሰው ቤት ተቀምጦ እንደሚያወራ ነው። ሁለቱም አርቲስቶች ዛሬ የሉም፤ ሥራቸው ግን ከማንም ሸክላ አያንስም።

ሌላም የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። እኛ ሐረር ካሴት ቤት የነበሩት ዛሬ የሞባይል መለዋወጫ ሆነዋል። በመሐል ደግሞ ሚሞሪ የማስጫን ዘመን ነበር። ሱቅ ትገቢያለሽ፣ ሚሞሪ ካርዱን ትሰጪያለሽ፣ ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ፎልደሩን መርጦ መቶ ዘፈን ባንዴ ይገለብጥልሻል። የአልበሙ ስም የለም፣ ያቀናበረው ሰው ስም የለም፣ ቅደም ተከተሉ የለም። ለአርቲስቱ አምስት ሳንቲም አይደርሰውም። ስለዚህ ማንንም ምረጪ፣ ከፍለሽ መግዛትሽን እወደዋለሁ።

ፈረስ መጋላ

ሸዋ በር እውነቷን ነው። የኃይሉም ታሪክ እንዲሁ ነው። በ1981 ከዋልያስ ጋር ለኮንሰርት አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። ዋሽንግተን ለብዙ ዓመት ታክሲ ነዳ። የቆየ ካሴቱን የኦውሰም ቴፕስ ባለቤት ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ፣ ራሱን ፈልጎ አስፈቅዶ በ2013 ካወጣው በኋላ ነው እንደገና የዓለም መድረክ ላይ የወጣው። ከዚያ በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ። አየሽ፣ ከፍለሽ የገዛሽው የቆየ አልበም አዲስ አልበም ይወልዳል።

በነገራችን ላይ፣ ሐረር ብቅ ካላችሁ አባትሽን ይዘሽ ሸሪፍ ሙዚየም ግቢ። ልብሱና የእጅ ጽሑፉ ብቻ አይደለም፤ የቆዩ የሐረሪ ዘፈኖችና የዝክሪ፣ ማለትም በከበሮ የሚዜመው የሐረሪ መንፈሳዊ ዜማ፣ ቅጂዎችም ተሰብስበው አሉ። የሚሸጥ አይደለም፤ ግን ዝክሪ ሰምተሽ ስትወጪ ስለ ከበሮ ያለሽ ሐሳብ ይለወጣል።

የፒያሳ ልጅ

ድምፃዊ ከገባ የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» ያላነሳ ሰው ምን ይባላል? አይቤክስ ባንድ፣ 1975። ሸክላም ሲዲም አለው። ይሄን ካልኩ ዝም እላለሁ።

ጋሽ ሸክላ

ስለ ድሮ ሸክላ አንድ ነገር ልጨምር፤ ልጅቷ እንዳትታለል።

በዚያ በወርቃማው ዘመን እዚህ አገር የታተመው ሸክላ አብዛኛው ትንሹ ነው፤ በ45 ዙር የሚጫወተው። በአንዱ ፊት አንድ ዘፈን፣ በሌላው አንድ። አምሐ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 ያሳተመው አብዛኛው እንደዚያው ነበር። ሙሉ አልበም በትልቁ ሸክላ ያወጡ ጥቂት ናቸው። ወዲያው ካሴት መጣና ሸክላውን ተካው። ለዚህ ነው «ወደ ሐረር ጉዞ» ሲወለድ ካሴት የሆነው። የዚያን ዘመን ኦሪጅናል ትልቁን ሸክላ ኢንተርኔት ላይ ብታዪ ዋጋው የሰብሳቢ ነው፤ አትሞክሪው። ከአባትሽ ጋር ለመስማት ከሆነ እንደገና የታተመው ይሻላል። አዲስ ነው፣ አልተጫረም፣ ፈቃድ ተወስዶበታል።

እኔ ራሴ የቱን እመርጥ ነበር ብትዪኝ የኃይሉን ነው። ምክንያቴ ጆሮ ነው። ድምፃዊ ያለበት ሸክላ ላይ ሰው ግጥሙን ይከተልና ሌላውን አይሰማም። እዚያ ግን ባንዱን ትሰሚያለሽ። ጊታሩ የት እንደቆመ፣ ከበሮው የት እንዳለ ሳሎንሽ ውስጥ ትለይዋለሽ። ማጫወቻ የተገዛው ለዚህ ነው።

የከዚራ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከመወሰኔ በፊት አንድ ነገር አደረግኩ። ያላችሁኝን አልበሞች በስልክ ፈልጌ፣ ትንሿን ስፒከር ሰክቼ፣ በተለያየ ቀን ምሳ በኋላ ለአባቴ ከፈትኩለት። ስልኩን በረራ ላይ አደረግኩት፣ እንዳይደወል። ዘፈኖቹን ቀድሜ አውርጃቸው ነበር።

የሶማሊኛው ሲከፈት አባቴ ገና በሁለተኛው ዘፈን ማውራት ጀመረ። ጅቡቲ ያደሩበትን ቤት፣ አብሮት ይሠራ የነበረውን ፍሬን ያዥ፣ የነበረውን ወበቅ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አወራ። እንደዚያ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ሰይዶ፣ ለዚህ ዕድሜዬን ሙሉ አመሰግንሃለሁ። ግን አልበሙን አልሰማነውም።

ሙላቱን ወደደው። «ይሄ ጎበዝ ነው» አለና ሸለብ አደረገው። እኔ ግን እስከ መጨረሻው ሰማሁት። የፒያሳው ወንድሜ፣ ለራሴ አንድ ቀን እገዛዋለሁ።

አሊን ስከፍት አብሮ ዘፈነ። ሁሉንም በቃሉ ያውቀዋል። እናቴም ከጓዳ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ወደ ሐረር ጉዞ» ላይ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ስከፍተው «ማን ነው?» አለኝ። ኃይሉ መርጊያ ነው ስለው ወንበሩን ወደ ስፒከሩ ጠጋ አደረገ። ከዚያ አልተናገረም። እግሩ ብቻ ወለሉን ይመታል። አንዳንዱ ዜማ ላይ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አያወጣም። እኔም ስልኬን አልነካሁም። አልበሙ ሲያልቅ «አለቀ እንዴ?» አለኝ። አብረን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሰማነው እሱን ብቻ ነው። ስለዚህ እሱን ነው የምገዛው። ለአክስቴ ልጅ ጻፍኩላት፤ ሸክላውን አግኝታዋለች። መርፌውንም አብራ ታመጣለች።

አሊን ግን መተው አልቻልኩም። ዑድ ወዳጅ፣ ሲዲህን ለጥቂት ቀን ብታውሰኝ? የዲቪዲ ማጫወቻው ይሠራል፤ ፈትሼዋለሁ።

ዑድ ወዳጅ

ምን ማለትሽ ነው እህቴ፣ ድሬ እኮ ነን። ቅዳሜ ምድር ባቡሩ ጣቢያ ፊት ለፊት አደርስልሻለሁ። አባትሽ እስኪጠግቡት ድረስ ይቆይ።

ፈረስ መጋላ

አቦ ደስ አለኝ! ሸክላው ሲደርስ ሁለተኛውን ፊት መጀመሪያ እንዳትከፍቺ። ቅደም ተከተሉን ጠብቂለት።

ሸዋ በር

ለአባባ ሰላምታ አድርሺልኝ። እዮብንም አንድ ቀን አሰሚያቸው።

ጋሽ ሸክላ

ጥሩ መርጠሻል ልጄ። አሁን ስለ አመጣጡ። ሸክላው 30 ሳንቲሜትር ነው፤ ሻንጣ ውስጥ ከገባ በላዩ ጫማና ሽቶ ሊጫንበት ነው። በእጅ ሻንጣ ይምጣ፣ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሐል። ቤት ሲደርስ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ አስተኝተሽ ዕቃ አትጫኚበት። በመስኮቱ በኩል ፀሐይ የሚገባበት ቦታም አይሆንም። የድሬ ሙቀት ሸክላ ያጣምማል፤ የተጣመመ ደግሞ አይመለስም።

የአክስትሽ ልጅ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከሆነ የምትመጣው ችግር የለም። በመኪና ከሆነ ግን ከኋላ መስታወት ሥር እንዳታስቀምጠው ንገሪያት። አዋሽ ላይ ምሳ ለመብላት ሲቆሙም ይዛው ትውረድ።